ማሴሩ አልቀረም

አባቴ እንደሚለው ነገሩ የጥናት ወሬ ነበር። አክስቴ ሣህሊቱ በጓሯችን ከዘይቱኑ ዛፍ ሥር ቆማ፣ ለጎረቤታችን ልጅ ለታጁዲን «ማሴሩ አልቀረም» ብላዋለች። ይህን ማንም አይክድም። በዚያ ሰሞን ሁለቱ ለጥያቄና መልስ ውድድር የአፍሪካን ዋና ከተሞች በቃላቸው ይይዙ ነበር። ማሴሩ ደግሞ የሌሶቶ ዋና ከተማ ናት። ስለዚህ ሣህሊቱ ያለችው፣ ማሴሩንም አጥንተናታል፣ የዘለልነው የለም ነው። አባቴ ይህን ሲያስረዳ ዓይኑን ከመርፌው ላይ አያነሳም።

እናቴ ትስቃለች። «ለከተማ ቀረ፣ አልቀረም ይባላል?» ትላለች። «ከተማ ብትሆን 'አልቀረችም' ትላት ነበር። ማሴር ማሴር ነው። ማሴሩን እንዳልተወች ነው የነገረችው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ጂኦግራፊ መማር አያስፈልግም።»

በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ሳይስማሙ አብረው አርጅተዋል። ሁለቱም ግን በጆሯቸው አልሰሟትም። የሰማናት ሁለት ሰዎች ነን፤ አንዱ የቀበሌው ጥበቃ ዓሊዩ፣ ሌላው ከጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር የተኛሁት እኔ። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የእኔ አተረጓጎም ከአባቴም ከእናቴም የከፋ ነበር። አባቴን ሊገድሉት ነው ብዬ ነበር የተረዳሁት።

ቤታችን አሰበ ተፈሪ ዋናው መንገድ ዳር ነበር። እነታጁዲን ከተማውን ጭሮ ይሉታል፤ እኛ ሁለቱንም እንላለን። ከፊት የአባቴ የልብስ ስፌት ሱቅ፣ ከኋላ መኖሪያችን፣ ከዚያ ጓሮው። ከገለምሶና ከሂርና የሚመጡት የጫት መኪኖች ጡሩምባቸውን እየነፉ ቁልቁል ወደ ሚኤሶ ሲወርዱ የሱቁ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ የእርጥብ ቅጠልና የናፍጣ ሽታ ገብቶ ጨርቆቹ ላይ ይቀራል። ያን ዓመት ሰው ሁሉ ካኪ ያሰፋ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር የሚጠራቀመው ቁርጥራጭ አልጋዬ ነበር። እዚያ ተኝቼ የገባውን ሰው የማውቀው በጫማው ነው።

ከመንገዱ ማዶ የቀበሌው አዳራሽ አለ። ከፊቱ በቆመው ምሰሶ ላይ አፉን ወደ መንገዱ የከፈተ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። ሰፈሩ «መለከቱ» ይለው ነበር። ጠዋት መዝሙር፣ ቀን ማስታወቂያ፣ ሲመሽ ዜና ይለቃል። እኔ አማርኛን ግማሹን ከእናቴ፣ ግማሹን ከመለከቱ ነው የተማርኩት። ከእናቴ ብላ፣ ና፣ ተኛ፣ አትንካ፤ ከመለከቱ አሻጥር፣ ሰርጎ ገብ፣ ማሴር። የመጨረሻዋን ሊቀመንበሩ ጓድ ዓባይ በተለይ ይወዳት ነበር። «ኢምፔሪያሊስቶች ዛሬም ማሴሩን ተያይዘውታል!» ሲል የሰፈሩ ውሾች አብረውት ይጮሃሉ።

«አባዬ፣ ማሴር ምንድን ነው?» ብዬ ጠይቄው ነበር።

አባቴ እግሩን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አነሳ። «ተደብቆ በሰው ላይ ክፉ መምከር ነው» አለኝና ወዲያው በሩን አየ። «ማን ነገረህ?»

«መለከቱ።»

«እንግዲያው እዚያው መለከቱ ጋ ይቅር።»

ሣህሊቱ የአባቴ የመጨረሻ እህት ናት። አያቴ ስትሞት ገና ሕፃን ስለነበረች ያሳደጋት አባቴ ነው። ታላቅ ወንድሟ ብቻ ሳይሆን አባቷም እናቷም እሱ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤቷን እስክትሰማ ድረስ ሱቁ ውስጥ ቁልፍ ትተክል፣ እጅጌ ትዘመዝም ነበር። ታጁዲን የጫት ነጋዴዋ የእማማ መይሙና የመጀመሪያ ልጅ ነው። ከሣህሊቱ ጋር አንድ ክፍል ተምረዋል። ዘመኑ ሰባ ስድስት ነው፤ ብሔራዊ ውትድርና የተጀመረበት። ታጁዲን ተጠርቷል። ሆኖም ከሂርና፣ ከገለምሶና ከሚኤሶ የሚመጡትን ተወዳዳሪዎች ሊያሸንፍልን የሚችል እሱና ሣህሊቱ ብቻ ስለነበሩ፣ ጓድ ዓባይ «ውድድሩ ይለቅና ትሄዳለህ» ብሎ አቆየው። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እሑድ ውድድር፣ ሰኞ ጦር ሰፈር።

ስለዚህ ሁለቱ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ጓሮ ያጠናሉ። ታጁዲን ዝግ ባለ ድምፅ ነው የሚጠይቃት፤ ከጠረጴዛዬ ሥር የሚሰማኝ የሣህሊቱ መልስ ብቻ ነው።

«ጋቦሮኔ... ሉሳካ... ሎሜ... ምባባኔ...»

ሰዎች መሰሉኝ። ምባባኔ ቦርጫም ሽማግሌ፣ ጋቦሮኔ የእሱ ሹፌር፣ ሉሳካ ደግሞ ረጅም ሴት። ስማቸው አንድ በአንድ ይጠራና በመጨረሻ የሣህሊቱ ድምፅ ዝቅ ይላል።

«ማሴሩ።»

ከዚያ ሳቅ። የታፈነ፣ እጅ አፍ ላይ የተደረገበት ሳቅ። አንድ ቀን ደግሞ ከሳቁ በኋላ ይህ መጣ፦ «ጋሼ እንዳያውቅ ብቻ።»

ሣህሊቱ በዚህ ዓለም ላይ ጋሼ የምትለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አባቴን።

ዛሬ ስሞቹን ሁሉ በካርታ ላይ አውቃቸዋለሁ። ሉሳካም ሴት አይደለችም። «ጋሼ እንዳያውቅ» የሚለው ግን እስከ ዛሬ የየትም አገር ዋና ከተማ ሆኖ አላገኘሁትም።

የዚያን ቀን ያደረግኩት የመጀመሪያ ነገር የአባቴን ትልቁን መቀስ መደበቅ ነበር። ቤታችን ውስጥ ሰው ሊገደልበት የሚችል ነገር ሳስብ ከእሱ የባሰ አላገኘሁም። ቁርጥራጮቹ ሥር ቀበርኩትና ተኛሁበት። አባቴ መደርደሪያውን ገለበጠ፣ ደንበኞቹን ጠረጠረ፣ በመጨረሻ በትንሿ መቀስ ካኪ እየቆረጠ እጁ አበጠ። እኔ ከታች ሆኜ፣ ዝም በል አባዬ፣ ይሄ ለአንተ ነው እል ነበር በልቤ።

ሁለተኛው ከረሜላው ነው። ታጁዲን በመጣ ቁጥር «እንዴት ነህ አስናቀ፣ አቦ አድገሃል!» ይለኝና ከረሜላ ይሰጠኛል። ድሮ እወደው ነበር። አሁን ግን የሰጠኝን በመዳፌ ይዤ፣ መርዝ ይኑርበት አይኑርበት ስመረምር ይቀልጥብኛል። ታናሽ እህቱ ረዲያ የእኔ እኩያ ናት። ጓሯቸው ከጓሯችን የሚለየው በቁልቋል አጥር ስለነበር በቀዳዳው ትገባለች። የማምነው ሌላ ሰው ስላልነበረኝ ነገርኳት።

«ወንድምሽ እያሴረ ነው።»

«ወላሂ?» አለች በኩራት። «ምን ማለት ነው?»

«ተደብቆ ክፉ መምከር።»

«ታጁዲን? አቦ ተወኝ! እሱ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቱን የሚያዞር።»

«ሉሳካ የምትባል ሴት አለችበት።»

ይህን ጊዜ ደነገጠች። «ለእማ ነው የምነግራት!»

«እንዳትናገሪ! አንቺንም ያስሩሻል።»

ረዲያ ትንሽ አሰበች። ከዚያ መዳፌ ውስጥ ያለውን ከረሜላ አየችና ሳላስበው መንጭቃ አፏ ውስጥ ጨመረችው። እስክትሞት ጠበቅሁ።

«ሆድሽን አያምሽም?»

«ሌላ አለህ?» አለችኝ።

ይህ ከሆነ ብዙም ሳይቆይ ነው ዓሊዩ ኮቱን ሊያስጠግን የመጣው። ዓሊዩ የሰፈሩ አብዮት ጥበቃ ነው፤ ጠመንጃው ከቁመቱ ትንሽ ነው የሚያንሰው። አባቴ ክር ሊገዛ ወጥቶ ስለነበር በካናቴራ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። የተቀደደ የሸራ ጫማው ከአፍንጫዬ ፊት ነው፤ ሱማሌኛ ዘፈን ሲያንጎራጉር ትልቁ የእግሩ ጣት ወደላይ ወደታች ይላል። የጓሮው በር ገርበብ ብሏል። የታጁዲን ድምፅ መጣ፤ ያን ቀን እንደወትሮው ዝግ ያለ አልነበረም።

«ታዲያ ማሴሩ ቀረ በይኛ!»

ዘይቱን ከዛፉ ወድቃ ቆርቆሮውን መታችው። ከዚያ ሣህሊቱ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዷን ቃል እንደ ቁልፍ እየተከለች፦

«ማሴሩ አልቀረም።»

የዓሊዩ ጣት ቆመች። ዘፈኑም ቆመ። ተነሣ፣ ኮቱን ከግድግዳው ላይ ሳይጠገን አወረደ፣ «ያ ረቢ» አለ ለራሱና ወጣ። ጫማዎቹ መንገዱን ሲሻገሩ አየሁ፤ ወደ ቀበሌ ነበር።

ደስ አለኝ። ትልቅ ሰው አወቀልኝ ማለት ነው፤ አባቴ ዳነ። የዚያን ዕለት ማታ ራቴን ጨርሼ ስበላ እናቴ ግንባሬን ዳስሳኛለች።

ጓድ ዓባይ በማግሥቱ ጠዋት መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። ወባ የጣለኝ ጊዜ በጀርባው አዝሎኝ ወደ ክሊኒክ የሮጠው እሱ ነው። ነገር ግን ከበላዩ ያሉትን ይፈራ ነበር፤ እነሱ ደግሞ የእሱን ቀበሌ «ሴራ ያልተጋለጠበት» እያሉ በስብሰባ ላይ አንስተውበታል። ያብረቀረቀ ጥቁር ጫማው ከጠረጴዛው ፊት ቆመ። የዓሊዩ ሸራ ጫማ ከኋላው።

«ጓድ ጀምበሩ፣ በቤትህ ውስጥ ሴራ ይመከራል ተባልኩ» አለ።

«በእኔ ቤት?» አለ አባቴ። «በእኔ ቤት የጠፋው መቀስ ነው። እሱን የሚያጋልጥልኝ ባገኝ ነው እኔ።»

«ቀልድ አይደለም። እህትህ ትጠራ።»

ሣህሊቱ መጣች። ባዶ እግሯን ነበረች፤ ጣቶቿ የጓሮ ጭቃ ነበረባቸው። ዓሊዩ የሰማውን ተናገረ፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ከዚያ ሣህሊቱ፣

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ማሴሩ ከተማ ናት። የሌሶቶ ዋና ከተማ» አለች።

«ከተማ? ስሟ ማሴሩ?»

«አዎ፣ ጓድ።»

«ማን አወጣላት?»

«እዚያው የሚኖሩት ናቸው እንጂ እኔ አላወጣሁላት።»

አባቴ ሳል የመሰለ ሳቅ አመለጠው። ጓድ ዓባይ ግን አልሳቀም። «ይሄ ሌሶቶ የምትይው አገር ከማን ጋር ነው? ከእነሱ ወይስ ከእኛ?»

«ድሃ አገር ናት፣ ጓድ። የአፓርታይዱ አገር ዙሪያዋን ከቧታል። ባለፈው ዓመት እንኳ ወታደሮቻቸው ገብተው ማሴሩ ላይ ስደተኛ ገድለዋል፤ በመለከቱ ተነግሯል።»

«እኔ በመለከቱ አልተናገርኩም!»

«ዜናው ነው የተናገረው።»

የጂኦግራፊ መጽሐፏን አምጥታ አሳየችው። ገለባበጠው። የመጨረሻውን ገጽ ሲያይ ለንደን የታተመ መሆኑን አነበበና ይበልጥ ተጠራጠረ። አንድ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ ያን ዓመት ከባዱ ነገር ማንን ጠይቆ እንደሚታመን ማወቅ ነበር። በመጨረሻ የመሰለውን መፍትሔ አገኘ።

«እሑድ ጠያቂው ከአውራጃ ነው የሚመጣው። ይህን ጥያቄ እንዲያስገባው አደርጋለሁ፤ ለእሷው እንዲደርሳት አድርጌ። ሕጉ ይታወቃል፣ የመጀመሪያው ቃል ይያዛል፣ ማረም የለም። ማሴሩ ብላ ሰውየው ትክክል ካላት፣ በሕዝብ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ካልሆነ...» ጥቁሩ ጫማ ወደ አባቴ ዞረ። «እስከዚያ ለእሷ ዋስ የሚሆን ማነው?»

«እኔ ነኛ» አለ አባቴ።

«ካልሆነ የምይዘው አንተን ነው ማለት ነው።»

«ያዘኝ። እህቴ ውሸት አታውቅም።»

የሣህሊቱ የእግር ጣቶች ሲታጠፉ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ታጁዲን ምግብ ከምታደርስለት ከረዲያ በቀር ሰው ሳያገኝ፣ አዳራሹ ውስጥ ብቻውን እያደረ እንዲያጠና ተደረገ። ዓሊዩ ደግሞ ጓሯችን ተመደበ። ከዘይቱኑ ሥር ተቀምጦ የወደቀውን እየለቀመ ይበላል፤ እናቴ ስታልፍ እያፈረ «ተረፈ ብዬ ነው፣ እትዬ» ይላታል። ሰፈሩ ሁሉ ስለ ማሴሩ ያወራ ጀመር። አባቴ ስሟ እንዳይጠፋበት ሲሰፋ ይለማመዳታል። መርገጫውን በረገጠ ቁጥር ማሴሩ፣ ማሴሩ፣ ማሴሩ።

እኔም ሐሳቤን አሻሻልኩ። ማሴሩ ከተማ ከሆነች የሴረኞች ከተማ መሆን አለባት። ሣህሊቱ በመጽሐፉ ውስጥ ሥዕሏን አሳይታኛለች፦ ባዶ ተራራ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ በፈረስ የሚሄድ ሰው። «እንደ ጨርጨር ተራራ ብርድ ነው፤ ብርድ ልብስ ልብሳቸው ነው» አለችኝ። እኔ ግን ብርድ ልብሱ ምን እንደሚሸፍን ገብቶኛል። የከተማዋን ሰዎች በየማዕዘኑ ሁለት ሁለት ሆነው ሲንሾካሾኩ አያቸው ነበር። ከሚኤሶ ትንሽ ወዲያ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ የምትገኝ ይመስለኝ ነበር።

በዚህኛው፣ ሳላውቀው፣ ብዙ አልተሳሳትኩም።

ታጁዲንን እንደገና ያገኘሁት መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ ነበር፤ እኔም የኮሌጅ ተማሪ ሆኜ ለእረፍት ቤት ነበርኩ። ጸጉሩ ከጆሮው በላይ ሸብቷል። የዘይቱኑ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ሻይ እየጠጣን፣ ያኔ ከጠረጴዛው ሥር የሰማሁትን ስነግረው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሌሶቶ ላይ ሲደርሱ ስሙ ሣህሊቱን ያስቃት ነበር አለኝ። በኋላ ግን ቃሉን ለራሳቸው ወሰዱት። ማሴሩ ማለት በእነሱ ቋንቋ መሄድ ነው፦ በአጎቱ የጫት መኪና እስከ ሚኤሶ፣ ከዚያ በባቡር እስከ ድሬዳዋ፣ ከዚያ ጅቡቲ።

«ለምን ማሴሩ?» አልኩት።

«ካርታውን አላየህም? ብዙ ዋና ከተማ አገሩ መሃል ይቀመጣል። እሷ ድንበሩ ላይ ናት። ወንዙን ከተሻገርክ ሌላ አገር ነህ። ሣህሊቱ ወዲያው ነው የወደደቻት።»

እሱ ወስኖ ነበር። እሷ ግን አልወሰነችም። አንድ ቀን እሺ፣ በማግሥቱ አላውቅም፤ ጋሼን እንዴት አድርጌ ትለዋለች። እሱ እስላም እሷ ክርስቲያን፤ ቤታችን ለዚህ ነገር ቃል እንኳ አልነበረውም። ያን ዕለት ዓሊዩ የሰማው «ማሴሩ አልቀረም» የአንድ ቀን እሺታ ነበር። ከዚያ ወዲያ እስከ እሑዱ ውድድር ድረስ አልተገናኙም።

ስለዚህ ታጁዲን ቅዳሜ ረዲያን ላካት። የቀሚሷ ቁልፍ ተበጥሶ መጣች፤ ራሷ እንደበጠሰችው ያስታውቃል። ሣህሊቱ ቁልፉን ስትተክልላት ረዲያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ አንድ ነገር አለቻት። መርፌው ጣቷን ወጋት። ረዲያን አጥሩ ቀዳዳ ላይ ያዝኳት።

«ምን አልሻት?»

«አልነግርህም። አስምሎኛል።»

ከረሜላ አሳየኋት።

«መኪናው ከመለከቱ ሥር ይቆማል በያት ነው ያለኝ» አለች እየቆረጠመች። «'ጥያቄ ሲደርስሽ ማሴሩ ካልሽ እጠብቅሻለሁ፣ ሌላ ካልሽ እሄዳለሁ።' በቃ። ጥናት ነው፣ አቦ።»

አባቴን የሚወስደው መኪና ነው ብዬ ደመደምኩ።

ታጁዲን ይህን ሲልክ ያላወቀው ነገር ነበር። ሊቀመንበሩ ማሴሩን ለሣህሊቱ ጥያቄ እንዳደረጋት አልሰማም፤ አባቴም ዋስ እንደሆነላት አልሰማም። ለእሱ ነገሩ ቀላል ነበር፤ መሄድ ከፈለገች ለማንኛውም ጥያቄ ማሴሩ ብላ ብትስት ሰው ከመሳቅ በቀር ምን ይላል? እሷ ግን ዓሊዩ ጓሮው ውስጥ እያለ መልስ መላክ አልቻለችም። ስለዚህ እዚያ መርፌዋን ይዛ የተቀመጠችው ልጅ ይህን ታውቅ ነበር፦ ሌላ ስም ብትጠራ እሷ ከቤቷ ትቀራለች፣ ታጁዲንም ያመልጣል፣ አባቴ ግን ይታሰራል። ማሴሩ ብትል አባቴ ነፃ ነው። ብላ ባትሄድ ግን ታጁዲን እየጠበቃት ይያዛል፤ ከድቶ የተያዘ ምልምል ምን እንደሚጠብቀው ሁሉም ያውቅ ነበር። ስለዚህ ማሴሩ ካለች መሄድ ነው። ንጹሕ መሆኗን የሚያስመሰክርላት ያው ቃል ሴራዋ ነበር።

ያን ቀን ሲመሻሽ እናቴ ሱቁን ስትጠርግ መቀሱን ከቁርጥራጮቹ ሥር አገኘችው። እኔን አየችኝ፣ መቀሱን አየችው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሣህሊቱ አሁንም እዚያው ተቀምጣለች።

«እትዬ» አለቻት፣ «አንቺ ከሂርና ስትመጪ ወንድሞችሽ አላሳዘኑሽም?»

«እኔ የመጣሁት ተድሬ ነው» አለች እናቴ። «ምረጪ ያለኝ የለም።»

«ብለውሽ ቢሆንስ?»

እናቴ መጥረጊያውን አቆመች። «በነጠላ ይበርድሻል፤ ነገ ጋቢውን ልበሺ» አለችና መጥረጓን ቀጠለች።

ሰኔ መግቢያ ነው፤ በአዳራሽ ውስጥ ሰው ተጨናንቆ ይሞቃል እንጂ አይበርድም። እናቴ ለምን ጋቢ እንዳለች ያኔ አልገባኝም።

እሑድ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ከሂርና የመጡት እየዘፈኑ ገቡ። የገለምሶዎቹ አንድ ዓይነት ሸሚዝ ለብሰዋል፤ አባቴ ስፌቱን ከሩቅ አይቶ «ክንዱ ጠማማ ነው» አለ። በእሱና በእናቴ መካከል ተቀመጥኩ። መድረኩ ላይ ሣህሊቱ በጠራራው ቀን ጋቢ ደርባ ቆማለች። ሰው ሳቀባት።

ታጁዲን ጥያቄው ቀድሞ ደረሰው፤ ሳያስብ መለሰ። ጭብጨባው ሳያበቃ «ውሃ ልጠጣ» ብሎ ከመድረክ ወረደ። በሩ ላይ ዓሊዩ አለ፤ እሱ ግን ፊቱን ወደ መድረኩ አዙሮ አንገቱን አስግጓል፤ የሣህሊቱ ጥያቄ ከእሱ በላይ ማንንም አያስጨንቅም ነበር። ታጁዲን በትከሻው አጠገብ አለፈ። በተከፈተው በር በኩል፣ ከመለከቱ ምሰሶ ሥር፣ ጫት እስከ አፉ የተጫነ መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሞ ይታየኛል።

ከአውራጃ የመጣው ጠያቂ መነጽሩን ጠረገ። «ለጓዲት ሣህሊቱ። የሌሶቶ ዋና ከተማ ማን ትባላለች? የመጀመሪያው ቃል ይያዛል።»

ጓድ ዓባይ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ደርሷል። የሚሰማው የመኪናው ሞተር ብቻ ነው።

ሣህሊቱ በመመለስ ፈንታ አባቴን አየችው። ምስኪኑ አባቴ የረሳችው መሰለው፤ ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ ከንፈሩን አሹሎ ያለ ድምፅ ይነግራት ጀመር፤ ማሴሩ፣ ማሴሩ በይ እንጂ። ሳምንቱን ሙሉ ያጠናትን ቃል፣ ምን እየለመናት እንደሆነ ሳያውቅ። እናቴ አንገቷን ደፍታለች፤ ክንዴን ጨብጣ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገብቷል። እኔ ደግሞ እዚያች ብርድ ልብስ ለባሾች ከተማ እንዳትገባ ፈርቼ፣ አትበይ፣ አትበይ እል ነበር።

ጠያቂው ሰዓቱን ተመለከተ። «ጓዲት?»

ሣህሊቱ ጋቢዋን ወደ ትከሻዋ ሰበሰበች። ዓይኗን ከአባቴ ላይ ሳትነቅል አፏን ወደ ማይክሮፎኑ አስጠጋች፤ ድምጿም በመለከቱ ከአዳራሹ ይልቅ ውጭ መንገዱ ላይ ጎልቶ ተሰማ።

«ማሴሩ» አለች።